የፍስሃ ወንድም

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ገብረአምላክ
አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ

ጥላ ከማይገኝባት ከተማ የተነሣ ሰላምታዬ የሰፈራችንን ቁልቁለት ወርዶ ከደጃፍዎ እስኪቆም ድረስ እግዚአብሔር በሙሉ ጤና ያቆይልኝ። የእትዬ አክበረትን ጉልበት እስማለሁ። እኅቴን ብርኽቲን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ ወይዘሮ ለተኪዳን ናቸው። በባቡር ጨርቅና ሽቱ የሚያመላልሱ የአገራችን ሰው ናቸው። በፖስታ ያልላክሁት ሳይከፈት እንዲደርስዎ ብዬ ነውና መልስዎንም በእርሳቸው እጅ ይላኩልኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀው ነበር። በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት የፈረንሳይ ወታደሮችን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ከውጭው ሙቀት ወደ ውስጡ ሙቀት መግባቴን የማውቀው በጨለማው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድሜ ፍስሃ ከካናዳ ጽፎልኛል። ባለበት ከተማ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘመዱን ለማስመጣት ኃላፊነት ሊወስዱለት ቃል ገብተዋል። እኔም እዚህ ካለው የስደተኞች ቢሮ ፎርም ተሰጥቶኛል። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ተማርሁ የሚለው ሁሉ የተማረው ፈረንሳይኛ ነው።

ስሜንና የተወለድሁበትን ዘመን በአራተኛ ክፍል እውቀቴ ሞላሁ። አምስተኛው መስመር ላይ ግን ብዕሬ ቆመ። የጠራህ ሰው ምንህ ነው ይላል፤ ከሥሩ ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንደኛው ብራዘር እንደሚል አንብቤ አወቅሁ። ይህን ቃል እርስዎ ፍስሃን ሲያስጠኑ በሩ አጠገብ ቆሜ የያዝሁት ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ከዝን የሚል አለ። ወረፋ ላይ የነበረ አንድ የሐረር ልጅ፣ «ያው አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርግ» አለኝ። ሌላው፣ «አይደለም፣ ከዝን የሚስት ወንድም ነው» አለ። ሦስተኛው ሁላችንንም እያየ ሳቀና፣ «ፋራ ሁላ! ከዝን ማለት ፈረንጅ ሊረዳው የማይፈልገው ዘመድ ነው» አለን።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። እናቴ ትብለጽ እኅትዎ ናት። በሰባት ዓመቴ ከአዲግራት አምጥታ ለእርስዎ ከሰጠችኝ ወዲህ አባባ ብዬ የጠራሁት እርስዎን ብቻ ነው። ለትምህርት ቤትም፣ ለቀበሌም ያስመዘገቡኝ በራስዎ ስም ነው። ስለዚህ የፍስሃ ወንድም ነኝ። ነገር ግን በዚህ ፎርም ላይ ውሸት የተገኘበት ሰው ስሙ ለሁልጊዜው ይሰረዛል ይላሉ። ሌሊት ስገላበጥ የማስበው ይህንኑ ነው። የእንግሊዝኛ ደብተራቸውን የሚያርሙላቸው የሰፈራችን ልጆች ጋሽ ዲክሽነሪ ይሉዎ የለም? ከእርስዎ የተሻለ የምጠይቀው ሰው በምድር ላይ የለኝም። መልስዎ እስኪደርሰኝ መስመሩን ባዶ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ
ተክላይ ገብረአምላክ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክላይ

ከቢሮ ስወጣ በምኒልክ አደባባይ በኩል አልፌ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ስለ አንተ ቆሜ ጸልያለሁ። የረገጥኸው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። አክበረትም ብርኽቲም ደህና ናቸው። ብርኽቲ ደብዳቤህን ነጥቃኝ ጮክ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አነበበችው፤ ሽቱ ያልላክህላት ለምን እንደሆነ እንድጠይቅህም አዝዛኛለች።

ጥያቄህ የተማረ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። በሥርዓት እመልስልሃለሁ፤ አንተም በሥርዓት አንብበው።

እኛ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ ብለን ዘመዱ የመጣበትን መንገድ እናሳያለን። እንግሊዝ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ስልቻ ከትቶ ከዝን ይላቸዋል። ወንድ ቢሆን ሴት ብትሆን፣ በአባት በኩል ቢሆን በእናት በኩል፣ ቃሉ አይለወጥም። የሚስት ወንድም ከዝን አይደለም። የእኅት ልጅም ከዝን አይባልም፤ ለእርሱ ኔፊው የሚባል ስም አለው። ስለዚህ በቋንቋው ሕግ አንተ ለእኔ ኔፊው፣ ለፍስሃ ደግሞ ከዝን ነህ። ብራዘር የሚባለው ከአንድ አባት ወይም ከአንድ እናት የተወለደ ብቻ ነው። የእኛ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አብሮን ያደገውን፣ አብሮን የተማረውን፣ አንዳንዴም በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ የተጋፋነውን ሁሉ ወንድሜ እንላለን፤ ከዚያ ይህንኑ ልማድ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን። በቢሮዬ የሟች ወንድም ነኝ የሚል ስንት ማመልከቻ ተርጉሜ፣ አመልካቹ የአክስት ልጅ ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱ እንዴት እንደሚመለስ አይቻለሁ። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም። አብረው በልተው ስላደጉ ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ የተነሣ ከዝን፣ ሁለት ጊዜ የተነሣ ከዝን የሚል ነገር አለ። ትውልዱ ሲራራቅ ነው። ይህን ለአክበረት ብነግራት፣ «ፈረንጅ ዘመዱን እንደ ጥርስ ነው እንዴ የሚነቅለው?» ብላ ስቃብኛለች።

የቃሉ ትርጉም ይህ ነው። ፎርሙ ላይ ምን መጻፍ እንደሚሻል ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ለጊዜው አትስጣቸው። ለፍስሃ ጽፌ ልጠይቀው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የመነጽሬ አንዱ መስታወት ሐብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሲጋፉኝ ወድቆ ተሰነጠቀ። እዚህ የሚገኝ አልሆነም። ለማንበቢያ የሚሆን፣ ቁጥሩ ሁለት ተኩል የሆነ ብታገኝ በለተኪዳን እጅ ላክልኝ።

አባትህ
ገብረአምላክ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ገብረአምላክ

የልደት በዓል በሰላም ያድርስዎ፤ ማዕድዎ ዙሪያ የሚጎድል ሰው አይኑር። እኔን ግን አይቁጠሩ።

መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሱቁ ውስጥ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ እንደ እርስዎ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ሞከርሁ፤ ባለ ሱቁ ሳቀብኝ። ለብርኽቲም ትንሽ ሽቱ አለበት።

ትምህርትዎን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሐረሩን ልጅና ያን ቀልደኛ ሰብስቤ እንደ እርስዎ ጣቴን አንሥቼ አስተማርኋቸው። ነገር ግን አባባ፣ ቃሉን ባወቅሁ መጠን ፍርሃቴ ጨመረ። የቢሮው አስተርጓሚ ጋሽ ዓምደሚካኤል የሚባሉ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ሹክ ብለው የነገሩኝን ልጻፍልዎ። ፎርሙን ከምትቀበለው ፈረንጅ ጠረጴዛ አጠገብ ሁለት መሳቢያ አለ። ወንድምና እኅት፣ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የሆኑት ወደ ላይኛው ይገባሉ፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠራሉ። ከዝን የሆነ ወደ ታችኛው ይገባል። «የታችኛው ሲከፈት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። በዚህ ላይ ስደተኛውን ሰብስበው በባቡር ወደ አገሩ ሊመልሱት ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ለዘመቻ ተመዝግቤ የጠፋሁ ሰው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ብወርድ ምን እንደሚጠብቀኝ ያውቃሉ።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ታሪክህን በቅደም ተከተል ጽፈህ ተለማመድ ስላሉኝ ያደረግሁትን እነሆ፤ ስሕተት ካለበት ያርሙልኝ።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር አብዮት ጥበቃዎች ፍስሃን ፈልገው ወደ ቤታችን መጡ። ፍስሃ ከሦስት ቀን በፊት ወጥቶ ነበር። አለቃቸው፣ «እሱ ከሌለ ወንድሙን እንወስዳለን፤ የፍስሃ ወንድም የትኛው ነው?» አለ። በቤቱ ውስጥ እርስዎ፣ እትዬ አክበረት፣ ብርኽቲና እኔ ነበርን። እርስዎ ወደ እኔ አይተው፣ «እሱ ነው» አሉ። «ወንድሙ ነህ?» አለኝ፤ «አዎ» አልሁ። ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ስምንት ወር ቀበሌ ታሰርሁ። እግሬን እንዴት እንዳደረጉት እዚህ አልጽፈውም። ስወጣ ትምህርቱ አልፎኝ ነበር።

ያኔ ሲፈቱኝ የሰጡኝ ወረቀት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ፍስሃ ገብረአምላክ ባለመያዙ ወንድሙ ተክላይ ገብረአምላክ በምትኩ ስምንት ወር ታስሮ የተለቀቀ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል፤ ክብ ማኅተም አለው። ጋሽ ዓምደሚካኤል ይህን ቢያዩ ላይኛው መሳቢያ ራሱ ይከፈት ነበር ብዬ አስባለሁ። ላያይዘው? ወይስ ይህም እንደዚያ በቢሮዎ እንዳዩት ማመልከቻ ስሕተት ይባላል? ያለ እርስዎ ፈቃድ አላደርገውም። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ተክላይ ገብረአምላክ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተክላይ

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርስህ። የዘገየሁት ሥራ ስለበዛብኝና ወይዘሮ ለተኪዳንም ሳትመጣ ስለቆየች ነው። መነጽሩ እንደ ልኬ የተሠራ ይመስላል። እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አሁን የመዝገበ ቃላቱን ደቃቅ ፊደል ያለ ፋኖስ አነባለሁ።

ነገሩን በሁሉም በኩል አገላብጬ አየሁት። ምልክቱን ከዝን በሚለው ላይ አድርግ። እውነቱ እርሱ ነውና። ሰው በሐሰት የጀመረው መንገድ ዘግይቶ ያሰናክለዋል፤ ነገ ምርመራ ቢመጣ አንተም ፍስሃም ትወድቃላችሁ። ስምህንም አስተካክል። ገብረአምላክ የአጎትህ ስም ነው፤ የአባትህ ስም ነፍሱን ይማረውና ዘርኡ ነው። በስሜ ያስመዘገብሁህ ትምህርት ቤቱ እንዲቀበልህ ብዬ ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ጠቅሟል።

የቀበሌውን ወረቀት ለማንም አታሳይ። የተጻፈው በቀበሌ አፍ ነው፤ እነርሱ ወንድምና ከዝን የሚለዩ ሰዎች አይደሉም። ደግሞም ስማችን በፈረንጅ መዝገብ ውስጥ ከእስርና ከፖለቲካ ጋር ቢገባ እዚህ ያለነውን ምን እንደሚያገኘን አስብ። በዚህ ቤት ያለው ጭንቀት በወረቀት የሚጻፍ አይደለም። አንተ አስተዋይ ልጅ ነህ፤ ስለምን ብለህ ሳትጠይቅ እንደምትታዘዘኝ አውቃለሁ።

ሌላ፣ አንድ መካከለኛ ሻንጣ ብታገኝ ላክልኝ። ጠንከር ያለና ቁልፍ ያለው ይሁን። ሴት ልትሸከመው የምትችለው፣ ቀላል ቢሆን ይመረጣል።

አሳዳጊህ
ገብረአምላክ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአቶ ገብረአምላክ

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።

እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ። ሰኞ ዕለት በማለዳ ሄጄ ምልክቱን አደረግሁ፤ ስሜንም አሠርዤ ተክላይ ዘርኡ አስባልሁ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምነው ልጄ? ባለፈው ወንድሜ ነው አላልከኝም?»

«ተሳስቼ ነው ጋሼ። አዋቂ ጠይቄ ታረምሁ።»

«አዋቂው የት ነው ያለው?»

«ፒያሳ።»

«የፒያሳ አዋቂ የጅቡቲን ፀሐይ የት ያውቃታል!» አሉና ወረቀቱን ለፈረንጇ ሰጧት። እርሷም ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ጎንበስ ብላ የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። ጥቂት ታገላት፤ ዝጎ ኖሯል። ጉልበቷን አስደግፋ ከፈተችውና አስገባችው።

እንግዲህ የቀረኝ ተስፋ ፍስሃ ነው። ከጥር ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ሦስት ደብዳቤ ላክሁለት። እርስዎ ቢጽፉለት፣ «ከዝን ቢሆንም አብሮን ያደገ ነው» ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ቢያስረዳልኝ ይሰሙት ይሆናል። በዚህ ሰሞን እዚህ ባለሁበት ሰፈር ሁለት ቤት ተፈትሾ አሥራ አንድ ሰው ተወስዷል። እኔ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ አልወጣም፤ ከካውያዎቹ ጠረጴዛ ሥር እተኛለሁ።

ሻንጣውን ልኬያለሁ። ቡናማ ነው። እጀታው ትንሽ የላላ ስለነበረ ከተጣለ የወታደር ሸሚዝ እጅጌ ቆርጬ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰፍቼዋለሁ፤ እጅ አይልጥም። ሽቱው ለብርኽቲ ደርሷት እንደሆነ አልነገሩኝም። ባለፈው ደብዳቤዎ ስሟን አላነሡትም። ታማ ነው እንዴ?

በትእዛዝዎ
ተክላይ ዘርኡ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተክላይ

ሰላም ላንተ ይሁን። ክረምቱ ከብዷል፤ ከላይ ከፒያሳ የሚወርደው ጎርፍ የአጥራችንን አንድ ጎን ወስዶታል። አክበረት ወገቧን ያማታል። ብርኽቲ ደህና ናት፤ ደብረ ዘይት ዘመድ ጋ ሰንብታለች።

ሻንጣው ደርሷል። እጀታውን አይቼ ሙያህን አደነቅሁ።

ፍስሃ ሥራ ስለበዛበት ነው እንጂ አልረሳህም። ጸልይ፤ ታገሥ። ወይዘሮ ለተኪዳን እቃ ስለበዛባት ከእንግዲህ ደብዳቤ አልይዝም እንዳትል እሰጋለሁና ጽሑፍህን አሳጥረው።

ገብረአምላክ


ጅቡቲ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም ለአቶ ገብረአምላክ

አዲሱን ዓመት የቀሩት ልጆችዎ ደህንነት ከተበተኑበት የሚሰማበት ያድርግልዎ።

አሳጥር ብለውኝ ነበር። ይህ የመጨረሻዬ ስለሆነ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ዓምደሚካኤል መሳቢያው መቼ ይከፈታል ብዬ እንድጠይቅ ወደ ቢሮው ግቢ አስገቡኝ። ወረፋው በግቢው ዙሪያ ተጠምዝዟል። ከፊቴ፣ ከግንቡ ጥግ፣ አንድ ቡናማ ሻንጣ ቆሞ አየሁ። እጀታው በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። የራሴን ስፌት አላጣውም። የሻንጣውን ባለቤት ፊት ሳላይ ሁሉንም ነገር አወቅሁ፤ ሆኖም እግሬ ወደ ኋላ አልመለስ አለኝ።

ብርኽቲ ዞር አለች።

«ተክላይ! ወንድሜ!» ብላ በሰው መሐል እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ስታለቅስ ቆየችና ደግሞ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «አንተ፣ ምነው ከሰል መሰልህ? ሸሚዙን ነው ወይስ ራስህን ነው የምትተኩሰው?»

ከስድስት ቀን በፊት ከለተኪዳን ጋር ረዳቷ መስላ በባቡር መግባቷን ነገረችኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለወንድሙ ሊያጋባት ፈልጎ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። «አራተኛው ሽማግሌ ጠመንጃ ይዞ ነበር የመጣው» አለችኝ። ይህን ስሰማ ስለምን እንደጨነቀዎ ገባኝ። ቢጽፉልኝ ኖሮ ያኔም ይገባኝ ነበር።

ከዚያ እጄን ይዛ እንዲህ አለች፦ «ፍስሃ በጥር ሲጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉልኝ፣ ወንድም ወይም እኅት መሆን አለበት፣ ማን እንደሚሆን አባዬ ይምረጥ ብሎ ነበር። አባዬ ደግሞ ለተክላይ ጽፌ አስረዳሁት፣ ራሱ ቦታውን ለቀቀልሽ፣ ሻንጣውንም ገዝቶ የላከልሽ እሱ ነው አለኝ። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንጃ፣ ተክልዬ። እኔ እንጃ።»

ፊቷን አየሁት። ይህን ከልቧ የምታምን ሰው ፊት ነበር። አዎ አልኋት። «ያንቺ ይብሳል ብዬ ነው» አልኋት። እርስዎ ያልጻፉትን፣ ለእርሷ ግን የጻፉልኝ የመሰላትን ደብዳቤ እኔ አነበብሁላት ማለት ነው።

ፎርሟን አሳየችኝ። በእርስዎ ጽሕፈት የተሞላ ነው። አምስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በላክሁልዎ መነጽር የተደረገ መሆኑን ጥራቱ ይናገራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ፈረንጇ በመስኮት ሆና ስንተቃቀፍ አይታናለች። ሁለታችንንም አስገባችን፤ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጋሽ ዓምደሚካኤል ቀስ ብለው ተረጎሙልኝ። «ይህች ልጅ የፍስሃ እኅት ነኝ ብላለች። አንተ ደግሞ የፍስሃ ከዝን ነኝ ብለሃል። እሷ ግን በሰው ፊት ወንድሜ ብላ ጠራችህ። ከሁለታችሁ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። ምንህ ናት?»

የቀበሌው ወረቀት በደረት ኪሴ ውስጥ ነበረ። ማኅተሙ በላብ ቢደበዝዝም ቃሉ ይነበባል። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ባኖረው ወይ እኔም ወንድም እሆናለሁ፣ ወይ የሁለታችንም ፋይል ተዘግቶ ብርኽቲ ወደዚያ ጠመንጃ ትመለሳለች። ብርኽቲ ምንም አልገባትም። እጄን እንደያዘች ነበረች። ጋሽ ዓምደሚካኤል ስለ ወረቀቱ ባልነግራቸውም አንድ ነገር እንደያዝሁ ያወቁ መሰለኝ፤ «ጊዜ ውሰድ ልጄ፤ አትቸኩል» አሉኝ።

ጊዜ አልወሰድሁም። ፈረንጇን ቀጥ ብዬ እያየሁ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ነገር ተናገርሁ። ከዝኔ ናት አልሁ። ቃሉ ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑን አልዘነጋሁም። የቀረውን በአማርኛ ጨመርሁ፦ «በእኛ አገር አብሮ ያደገን ዘመድ ወንድሜ፣ እኅቴ እንላለን። ልማድ ነው። ስትጠራኝ በዚያ ልማድ ጠራችኝ እንጂ አልዋሸችም። ከአንድ አባት አልተወለድንም፤ አባቷ የእናቴ ወንድም ነው።»

ጋሽ ዓምደሚካኤል ተረጎሙት። ፈረንጇ ፈገግ አለች፤ ይህን ነገር ማንም እንዲህ አጥርቶ አስረድቷት እንደማያውቅ ነገረችኝና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ስምዎን ነገርኋት። የብርኽቲን ፋይል ወደ ላይኛው መሳቢያ አስገባች። የእኔን አልከፈተችውም፤ ወደ ነበረበት መለሰችው።

ከግቢው ስንወጣ ብርኽቲ፣ «ምን አልካት? ምንድን ነው ያሳቃት?» አለችኝ።

«ስለ ቤታችን ነገርኋት።»

«አይ ተክልዬ! አሁንም ወሬኛ ነህ!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ሻንጣዋን እስከምታድርበት ቤት ተሸክሜ አደረስኋት። ለእርስዎ ያለችውን ላድርስ፦ በጤና መግባቷን፣ ለእናቷም እንዳታስብ ንገሩልኝ ብላለች። እውነት ነው፤ ደህና ናት። በኅዳር ትሄዳለች ይላሉ።

የእኔም ስም ወደ አገር በሚመልሰው ባቡር ዝርዝር ውስጥ ወጥቷል። የልብስ ንጽሕና ቤቱ ባለቤት ሊደብቀኝ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከካውያዎቹ ጠረጴዛ ሥር ስንት ዓመት ይኖራል? ባቡሩ ለገሃር ቢያደርሰኝ እንኳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁለት አልወርድም። ስለዚህ አይሥጉ። ሲሆንልኝ አዲግራት፣ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እርሷ ስታየኝ የምትለኝን ቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም።

የቀበሌውን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ለሌላ ሰው እንዳላሳየው አዝዘውኝ ነበር፤ ለማንም አላሳየሁም። በመነጽርዎ ያንብቡት፤ ወንድሙ የሚለውን ቃል የልጆቹን ደብተር ሲያርሙ በሚያደርጉት ቀይ ቀለም ይሠርዙና ከላዩ ትክክለኛውን ይጻፉበት። ስምንት ወሩን ግን አይንኩት፤ እርሱ ላይ ስሕተት የለም።

እንግዲህ በዚህ ዘመን የሚሆነው አይታወቅም። አብዮት ጥበቃዎች ዳግመኛ መጥተው፣ «የፍስሃ ወንድም የትኛው ነው?» ብለው የጠየቁዎት እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ግን በደብዳቤዎ እንዳስተማሩኝ ይመልሱላቸው።

የእኅትዎ ልጅ
ተክላይ ዘርኡ